ፍየል የሚበላው ፌስታል

ሰው ወደ ጅጅጋ የሚሄደው ልብስና ስልክ ሊገዛ ነው። እኔ የሄድኩት የሙዝ ልጣጭ ፍለጋ ነው። አርባ ምንጭ ያሉ ጎረቤቶቼ ስነሳ ስቀውብኛል፤ አሁን በሰላም ተመልሻለሁና ቁጭ ብለው ይስሙኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጁስ ቤት አለኝ። በየቀኑ የምጥለው ልጣጭ ከሰፈሩ ሰው አጣልቶኝ ነበር፤ ዝንቡና ሽታው አይጣል ነው። አንድ ደንበኛዬ የሆነ ተማሪ ከሙዝ ልጣጭ የሚበሰብስ ላስቲክ እንደሚሠራ አሳየኝ። ልጣጩ ይቀቀላል፣ ይፈጫል፣ አቼቶና ግሊሰሪን ይጨመርበታል፣ ከዚያ ትሪ ላይ በስሱ ተዘርግቶ ይደርቃል። ተማሪው ተመርቆ ሄደ፤ እኔ ድስት እያሳረርኩ ቀጠልኩ። በስተመጨረሻ ቡናማ፣ የሚታጠፍ፣ አፈር ሲያገኘው የሚጠፋ ነገር ወጣልኝ። አሁን ዳቦ የሚገዛኝ ሰው በእሱ ጠቅልሎ ይሄዳል።

ታናሽ ወንድሜ ታደሰ ጅጅጋ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ቀርቶታል። በስልክ፣ "እትዬ፣ እዚህ ሰው ያለ ሙዝ ምሳ አይበላም። ልጣጩ በየምግብ ቤቱ ተራራ ነው። ነይና አስተምሪኝ፤ ጡረታ ወጥቼ ግድግዳ ሳይ እንዳልውል" አለኝ። ፌስታል ሊከለከል ነው እየተባለ በየሱቁ የሚወራበት ሰሞን ስለነበር ሐሳቡ ገባኝ። ጁስ ቤቱን ለልጄ አስረክቤ ተነሳሁ።

ሐሙስ እና ዓርብ

ሐሙስ ጎህ ሳይቀድ ከአርባ ምንጭ ወጣን። ሶዶ ቁርስ፣ ቡታጅራ ምሳ፣ አመሻሽ ላይ አዲስ አበባ። አውቶቡስ ተራ አጠገብ ያደርኩበት ክፍል በሩ አይቆለፍም። አልጋውን ጎትቼ በሩ ላይ ገተርኩትና ተኛሁ፤ ጠዋት እኔው ራሴ ለመውጣት ስታገል የቤቱ ሠራተኞች ሌባ ገባ ብለው ተሰበሰቡ።

የጅጅጋው አውቶቡስ ከአዋሽ እልፍ ሲል ኬላ ላይ ቆመ። ፈታሹ ወጣት ጎረምሳ ነው። ከእግሬ ሥር ያስቀመጥኩትን ጀሪካን አነሳ።

"እናት፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ግሊሰሪን ነው፣ የኔ ልጅ።"

"ይሄ ሁሉ ለአንድ ፊት?"

አውቶቡሱ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ፊቴ ሰፊ ነው ብዬ ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ። ቀጥሎ ለናሙና የያዝኩትን የላስቲክ ጥቅል ፈታው። አሸተተው። "ቋንጣ ነው?" አለ። ከሙዝ ልጣጭ የተሠራ ላስቲክ መሆኑን፣ መርዝ እንደሌለው፣ ቢቀመስ እንኳን እንደማይጎዳ አስረዳሁት። ልጁ አመነኝ መሰለኝ ከጫፉ ቆርሶ አፉ ውስጥ ከተተው። አኘከ፣ አኘከ፣ "ጨው ያንሰዋል" ብሎ አሳለፈን።

ጭሮ አደርን። ዝናብ ይዘንብ ነበር፤ ተራራው ጉሙን ደርቦ ሲታይ የኛን ጨንቻ አስታወሰኝ። የማረፊያ ቤቱ ባለቤት የቆላ ሰው መሆኔን ከመንቀጥቀጤ አውቃ የራሷን ብርድ ልብስ አምጥታ ደረበችልኝ። ጠዋት ስመልስላት፣ "እኔማ ለምጄዋለሁ" አለችኝ። እግዜር ይስጣት።

ቅዳሜ

ሐረርን በአውቶቡስ መስኮት ብቻ አየኋት። ባቢሌ ላይ ትኩስ ለውዝ ገዛሁ፤ ከባቢሌ በኋላ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተቆልሎ የቆመበት ሸለቆ አለ፣ ሰዎች ፎቶ ያነሱታል። እኔ ጎማችን ተንፍሶ ስለነበር ያየሁት የሹፌሩን እግር ነው። ከመኪናው ሥር ሁለት እግር ወጥቶ፣ ረዳቱ እያጉረመረመ፣ አንድ የግመል መንጋ ደግሞ ምን አጋጠማችሁ የሚል ይመስል ቆሞ ያየናል።

ካራማራን ወጥተን ስንወርድ ሜዳው ተዘረጋ። አርባ ምንጭ ቀና ብትል ዛፍ ነው፤ እዚህ ቀና ብትል ሰማይ ነው። ከከተማው በፊት የተቀበለን ግን ፌስታል ነው። የእሾህ ቁጥቋጦው ሁሉ ሰማያዊና ጥቁር ፌስታል ተሰክቶበት በነፋሱ ይንቀጫቀጫል። ጫት በፌስታል ይሸጣል፣ ሩዝ በፌስታል፣ ሻይ እንኳን ተቋጥሮ በፌስታል ሲሄድ አይቻለሁ። በሆዴ፣ "ሥራሽ እዚህ ነው" አልኩ።

ታደሰ በባጃጅ ተቀበለኝ። ፀጉሩ ሸብቷል፤ እሱም ስለኔ እንዲሁ ሳይል አልቀረም። ቤት ሳንገባ ምሳ ልጋብዝሽ ብሎ ወደ አንድ ምግብ ቤት ወሰደኝ። ባሪስ የሚሉት ሩዝ ከፍየል ሥጋ ጋር መጣ፤ ከጎኑ አንድ ሙዝ። ሙዝ ከምግብ በፊት ነው ብዬ ቶሎ ልጬ በላሁት። አስተናጋጁ ሌላ አመጣ። እሱንም በላሁት። ሦስተኛውን ሲያመጣ ታደሰ እጄን ያዘኝ፤ "እትዬ፣ ከሩዙ ጋር እየቀላቀልሽ ነው የምትበይው! ሙዝሽ ካለቀ ይጨምርልሻል፣ እስከ ማታ ሊያመጣ ነው" አለኝ። እኛ አገር ሙዝ ብቻውን ነው የሚበላው። ከሩዝ ጋር ቀመስኩት፤ ጣፋጩና ጨዋማው ሲገናኙ ነፍስ አለው። ዞር ዞር ብዬ ሳይ በየጠረጴዛው ልጣጭ። ታደሰ ጆሮዬ ላይ፣ "አላልኩሽም?" አለ።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ከታደሰ አጥር ማዶ ሰው ተሰብስቧል። ጎረቤቱ ሆዳን ናት። ሆዳን ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን በፍየል ወተት ያሳደገች ሴት ናት፤ ሰፈሩ በሙሉ ከእሷ ነው ወተት የሚገዛው። አማርኛዋ ከኔ ይፈጥናል። ከፍየሎቿ አንዷ ሆዷ ተነፍቶ ወድቃ፣ ሳትሞት ቶሎ ብለው አርደዋታል። አራጁ ጨጓራውን ሲቀደው በእጁ አንድ ድብልብል ነገር አወጣ። ፌስታል ነው። እንደ ገመድ ተጠቅልሎ፣ ጠጥሮ፣ ውስጡ የጫት መቋጠሪያ ቀለሙ ሳይለቅ ይታያል።

ሆዳን አላለቀሰችም። ወደኔ ዞር ብላ፣ "አየሽ፣ አባዮ?" አለችኝ፤ አባዮ ማለት እህቴ ማለት ነው። "ይሄ ፍየል አይደለም። ሱቅ ነው።"

ከዚህ በፊትም ሞተውባታል። አሁን የቀሯት ሦስት ናቸው፤ አንዷ ነጭ ናት፣ አዴይ ትባላለች፣ አርግዛለች። "እነዚህ ከሄዱብኝ ወተትም የለም፣ ሆዳንም የለችም" አለች።

ያን ጊዜ ነው አፌ ያመለጠኝ። "አይዞሽ፣ ፍየል ቢበላው የማይገድል ፌስታል ሠርቼ ነው የምሄደው" አልኳት፣ በሰው ሁሉ ፊት። ከአፌ ሲወጣ ራሴ ደነገጥኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ አንዴ ብዬዋለሁ።

እሷ ግን እጄን ይዛ መረቀችኝ። ማታ በጠርሙስ ወተት ላከችልኝ፣ እስከ አፉ የሞላ። "ለማርቲዬ" ብላ። ማርቲ እንግዳ ነው።

ሰኞ እና ማክሰኞ

ታደሰ ከኔ መምጣት በፊት በአቅራቢያው ያሉ ምግብ ቤቶችን ሁሉ አነጋግሮ ነበር። ከሰኞ ጀምሮ ልጣጭ ለማንም እንዳይሰጡ፣ ለእኛ እንዲያስቀምጡ። ከቢሮ ፈቃድ ወስዶ በማዳበሪያ ከረጢት እያስጫነ በባጃጅ አመጣልኝ። የባጃጁ ሹፌር፣ "እናቴ፣ ዝንጀሮ ልታረቢ ነው?" አለኝ። "አዎ፣ የመጀመሪያው አንተ ነህ" አልኩት። ከዚያ በኋላ ተግባባን።

ግቢው ውስጥ ትልቅ ድስት ጣድን። ታደሰ የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ ያማስላል፤ ዕድሜውን ሙሉ ፋይል ሲያገላብጥ የኖረ ሰው አሁን ላብ በላብ ሆኗል። ትሪ ተበድረን፣ ዘይት ቀብተን፣ ፈጭተን ዘረጋን። አርባ ምንጭ ለመድረቅ ሁለት ሦስት ቀን የሚፈጀው እዚህ በማግስቱ ደርቆ ጠበቀን። እሰይ ብዬ ላነሳው ስል እንደ ቂጣ ተሰነጠቀ። እኛ ጋ ከሐይቆቹ የሚነሳው እርጥበት ላስቲኩን ያለዝበዋል፤ እዚህ ነፋሱ ጠብታ አያስቀርም። ግሊሰሪን ጨምሬ እንደገና ሠራሁ። ሁለተኛው ታጠፈልኝ።

ማክሰኞ ከሰዓት አንድ ቁራጭ ይዘን ወደ ጫት ተራ ሄድን። አንዲት ጫት ሻጭ ለሙከራ እሺ አለችን። ጫቷን እንዳይጠወልግ ውኃ አርከፈከፈችበትና በእኔ ላስቲክ ጠቅልላ አስቀመጠችው። ቆየት ብለን ስንመለስ እጇን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ፤ ሙልጭልጭ ያለ ነገር ከጣቶቿ ይንጠባጠባል።

"ወላሂ፣ ጫቴን ገንፎ አደረግሽብኝ!"

ገዢዎቹ ሳቁ። አንዱማ፣ "ማንኪያ አምጪልኝ" አላት። ይቅርታ ጠይቄ ጠራረግኩላት። ይኼኛው ላስቲክ ለእርጥብ ነገር እንደማይሆን በዚያ ገባኝ፤ ለዳቦ፣ ለስኳር፣ ለብስኩት እንጂ። ታደሰ አኮረፈ። "የዳቦውም ፌስታል ቢሆን ፍየል ይገድላል" ብዬ አጽናናሁት።

ረቡዕ

ሆዳን ከእሑድ ወዲህ በየቀኑ የምትልክልኝ ወተት ዛሬ ጠዋት ከጠርሙሱ ግማሽ በታች ነበር። የፋሲካው ሃምሳ ቀን ስላላለቀ ረቡዕም ቢሆን እጠጣለሁ። "ዛሬ ደግሞ እየቀነስሽብኝ ነው" ብዬ በአጥር ላይ ቀለድኩባት። ሆዳን ፈገግ አለች፤ "ፍየሎቹ ሰንፈዋል፣ አባዮ" አለች።

ከሰዓት ለግሊሰሪን ወደ መድኃኒት ቤት ስሄድ ቆሻሻ መጣያው ላይ አዴይን አየኋት። ያቺ የምታምር ነጭ ፍየል፣ ሆዷ ወደፊት ወጥቶ፣ ጥቁር ፌስታል እያኘከች ነው። ሮጬ ከአፏ ነጠቅኩት፤ ግማሹ ገብቶ ነበር፣ ስቤ አወጣሁት። እየጎተትኩ ለሆዳን አስረከብኳትና ተቆጣኋት። "እሑድ አንዷን አሳርደሽ ዛሬ እነዚህን ትለቂያለሽ? ለምን ቤት አትመግቢያቸውም?" አልኳት። ድምፄን ከፍ አድርጌ። በሰው አገር፣ በሰው ፍየል!

ሆዳን አንገቷን ደፋች። "ልክ ነሽ" አለች። "ነገ ደምበል የሚኖረው ወንድሜ ጋ እወስዳቸዋለሁ። ሣር ይብሉ።"

"ወተትሽስ? ደንበኞችሽስ?"

"አላህ ያውቃል።"

ደምበልን አላየሁም፣ ልሂድ ልሂድ አለኝ። "ይዘሽኝ ሂጂ" አልኳት። እንግዳ እምቢ አይባልም፤ እሺ አለች።

ሐሙስ

አይሱዙ ላይ ፍየሎቹ ከኋላ፣ እኔና ሆዳን ጋቢና። አስፋልቱን ለቀን ወደ ሰሜን ስንታጠፍ አቧራው ገባ። የኛ አገር መንገድ ጭቃ ነው የሚያስቸግረው፤ የዚህ መንገድ ውኃ የሌለው ወንዝ ይመስላል፣ አንዳንዱ ቦታ ደግሞ በእውነትም ደረቅ ወንዝ ነው። ሹፌሩ በየመንደሩ እየቆመ ሰላምታ ይለዋወጣል፤ ሰላምታው ከመንገዱ ይረዝማል። አንድ ቦታ ሆዳን ለወንድሟ ልጆች ማንጎ ገዛች። እኔ ልክፈል ብል ሻጩም፣ ሹፌሩም፣ ሆዳንም ጮኹብኝ።

ደምበል ትንሽ ከተማ ናት። አብዲ የሚባለው የሆዳን ወንድም ከከተማው ወጣ ብሎ ከብቶቹን ይዞ ይኖራል። ወጣት ሳለ ድሬዳዋ ሹፌር ሆኖ ኖሯል፤ አማርኛው የድሬ ነው። አዲስ ምንጣፍ አስነጥፎ፣ ትራስ አስደግፎ አስቀመጠኝ። የግመል ወተት በትልቅ ኩባያ መጣ። ጭስ ጭስ ይላል፤ መጀመሪያ ይቸግራል፣ ኋላ ይለመዳል።

አብዲ የፍየሎቹን ጀርባ ዳብሶ ሆዳንን በሶማሊኛ የሆነ ነገር ጠየቃት። በአጭሩ መለሰችለት። እሱ ራሱን እየነቀነቀ ወደኔ ዞረ፤ እንግዳ ዝም ብሎ መቀመጡ ከብዶት መሰለኝ ያጫውተኝ ጀመር።

"ሰማሽ ወይ፣ እናቴ፣ ከተማ ጉድ ነው። ይቺ እህቴ ፍየል የምታረባው በሙዝ ልጣጭ ነበር። በየምግብ ቤቱ ዞራ በጆንያ እየሰበሰበች። ልጣጭ የጠገበች ፍየል ከስንት አንዴ ካልሆነ ፌስታል አትነካም። አሁን አንዲት ሴትዮ ከሩቅ አገር መጥታ ልጣጩን ሁሉ ጠራርጋ ወሰደችው አሉ። ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ላስቲክ ልትሠራበት! አቦ፣ ላስቲክ አነሰን?"

"አብዲ!" አለች ሆዳን። ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

እኔ ኩባያውን አስቀመጥኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምንኛ ደስ ባለኝ። የጎደለው ወተት፣ ቆሻሻ ላይ የቆመችው አዴይ፣ የጮህኩት ጩኸት፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። ታደሰ እኔ ሳልመጣ ቀኑን ቢሮ ነበር የሚውለው፤ ሆዳን ከሰዓት በጆንያ ምን እንደምታመጣ አይቶ አያውቅም። ሁለታችንም ልጣጩ የማንም እንዳልሆነ ነው የቆጠርነው።

"አቶ አብዲ" አልኩ፣ "ያቺ ሴትዮ እኔ ነኝ።"

አብዲ አፉን በእጁ ይዞ ቀረ። ከዚያ ከመቀመጫው ተነስቶ፣ "ወላሂ አላወቅኩም! ወላሂ! ወተቱን ጠጪ፣ እናቴ፣ ሳትጠጪ አልቀመጥም" ይል ጀመር። ቆሞ ቀረ። ጠጣሁለት፤ እንባዬ እየወረደ ጠጣሁለት።

ሆዳንን፣ "ለምን አልነገርሽኝም? በየጠዋቱ ወተት እየሰጠሽኝ!" አልኳት። ተናድጄ ነበር፤ በእሷ አይደለም፣ ግን ድምፄ ወደ እሷ ሄደ።

"አንቺ ማርቲ ነሽ" አለች። "ቤት የገባ እንግዳ 'ይሄን አትንካ' ይባላል? ደግሞ የምትለፊው ለፍየሎቼ ብለሽ ነው። ሥራሽ እስኪያልቅ ልታገሥ አልኩ።"

"ሥራዬ ሳያልቅ ፍየሎችሽ ቢያልቁስ?"

ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የሆዳን ዝምታ ግን ፍየሎቿን ሊፈጅባት ነበር።

ዓርብ

እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። ደጅ ወጥቼ ተቀመጥኩ። የአብዲ ልጆች ማንጎአቸውን ይበላሉ፤ ልጣጩን ሲጥሉ ፍየሎቹ ይሻማሉ። ፍሬውን ሲጥሉት አዴይ ቀረበች፣ ዙሪያውን ላሰችው፣ አንገላታችውና ጥላው ሄደች። ሌሎቹም እንዲሁ። መሬቱ ላይ የቀረው ነጭ የማንጎ ፍሬ ብቻ ነው።

ተነሳሁ። አንዱን በድንጋይ ፈለጥኩት። ውስጡ ያለው ፍሬ ወፍራም፣ ነጭ፣ ዱቄት ዱቄት የሚል። እኛ እኮ ከእንሰት ቡላ አጥልለን የምንበላ ሰዎች ነን! ሳድግ እናቴ እንሰቱን ፍቃ፣ በውኃ አጥባ፣ ነጩ ዱቄት ሥር እስኪዘቅጥ ስትጠብቅ ከጎኗ ነበርኩ። ይሄም እንደዚያ ያለ ዱቄት ካለው ይዘቅጣል። በጁስ ቤቴ ስንቱን የማንጎ ፍሬ ጥዬ፣ ዓይኔ ልጣጭ ላይ ብቻ ነበር።

ነጠላዬን ዘርግቼ ፍሬ መልቀም ጀመርኩ። አብዲ ወጥቶ አየኝ።

"አሁን ደግሞ ፍሬውን ልትወስጂ ነው!"

"ቆይ፣ ፍየልህ ይሄን ትበላለች?"

"አትበላም።"

"ግመልህስ?"

"ኧረ አትበላም።"

"አህያህስ? ደህና አድርገህ አስብ፣ ነገ ደግሞ አህያ ቀማሁ እንዳልባል።"

አብዲ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ልጆቹም ያግዙኝ ጀመር፤ ከየጎረቤቱ እየለቀሙ ነጠላዬን ሞሉልኝ።

ሆዳንን፣ ፍየሎቹን ወደ ከተማ መልሺ አልኳት። ፈራች። "አዴይ ከተማ ውስጥ ብትሞትብኝስ? እነዚህ የመጨረሻዎቼ ናቸው።" ልጣጩ ዛሬውኑ እንደሚመለስላት በመድኃኔዓለም ማልኩላት። ወንድሟን አየችው። "ፊቷን እያት፣ ይቺ ሴትዮ አትዋሽም" አለ አብዲ። በመጣንበት አይሱዙ ተመለስን፤ አብዲ አንድ ጀሪካን የግመል ወተት ጭኖብን።

ጅጅጋ እንደደረስን ቤት ሳልገባ ወደ ምግብ ቤቶቹ ሄድኩ። "ልጣጩ የሆዳን ነው፤ ድሮም የእሷ ነበር" አልኳቸው። አንዱ ባለቤት፣ ሽማግሌ ሐጂ ናቸው፣ "እኛ እኮ ታደሰ የመንግሥት ሰው ስለሆነ መመሪያ መጣ ብለን ነው" አሉ። ታደሰ ይሄን ሲሰማ መግቢያ አጣ። ቤት ስንገባ ግን አንገቱን ደፍቶ፣ "እትዬ፣ የኔ የጡረታ ሥራስ?" አለኝ። ማንጎ የሚፈጩትን ጁስ ቤቶች ቁጠር አልኩት።

ከቅዳሜ እስከ ሰኞ

ፍሬውን ፈልጠን ዘፈዘፍነው። በአንድ ጁስ ቤት መፍጫ አስፈጨን፣ በነጭ ጨርቅ አጠለልን። መራራው ቡናማ ውኃ ደጋግሞ መደፋት አለበት፤ እዚህ ደግሞ ውኃ በአህያ ጋሪ የሚመጣ ነው። አርባ ምንጭ ቧንቧ ከፍቼ የምለቀውን እያሰብኩ አፈርኩ። የደፋሁትን ሁሉ በባልዲ ይዤ ለታደሰ ዛፍ አጠጣሁ። ከባልዲው ሥር የዘቀጠው ግን ነጭ፣ ልስልስ ያለ፣ ልክ ቡላ። እልል ማለት አማረኝ።

ከውኃ፣ ከአቼቶና ከግሊሰሪን ጋር እንደ አጥሚት እስኪወፍር አማሰልነው፣ ትሪ ላይ ዘረጋነው። እሑድ ያነሳነው ጫፍ ጫፉ ተሰነጠቀ። ሰኞ ያነሳነው ከልጣጩ ላስቲክ ይሻላል፤ ነጣ ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ። ታደሰ በጋለ ካውያ ጠርዝ ለጠርዝ አጣብቆ ከረጢት አደረገው።

ቀረ ፍየሏ። ሰፈሩ ተሰብስቧል፤ በአደባባይ የተናገርኩትን በአደባባይ ሊያዩ። ሆዳን አዴይን በገመድ አሳጥራ ይዛታለች። "አባዮ፣ እርግጠኛ ነሽ?" አለችኝ። መጀመሪያ እኔ ቆርጬ በላሁ። ከዚያ ታደሰ። ከዚያ ራሷ ሆዳን ቀመሰች። የቀረውን አዴይ አሸተተችና አንዴ ሳትቆም ጨረሰችው።

ማክሰኞ

ማልጄ ተነስቼ መጀመሪያ ያደረኩት በሆዳን በረት በጠጥ መመርመር ነው። ወንድሜ ደግሞ በእጅ ባትሪ ያበራልኛል፤ ሁለት አዛውንት ወንድምና እህት ጎንበስ ብለን። ደህና ነው። አዴይ ልጣጯን እያኘከች አየችን፣ ምን ሆናችሁ የምትል ይመስላል።

አውቶቡስ ተራ ሆዳን ጠርሙሷን ይዛ መጣች። ወተቱ እስከ አፉ ሞልቷል። እዚያው ከፊቷ ቆሜ ገሚሱን ጠጣሁላት። የመልሱ መንገድ እንደ መሄጃው ነበር፤ አዋሽ ኬላ ላይ ያ ልጅ አልነበረም።

ቤቴ ከገባሁ ሰነባብቷል። ታደሰ ጡረታ ወጥቶ ከጁስ ቤቶቹ የማንጎ ፍሬ እየሰበሰበ ለሰፈሩ ዳቦ ቤት ከረጢት ይሠራል። ማንጎ ሲያልቅ ያርፋል። በቀደም ሆዳን ደወለችልኝ።

"አባዮ፣ ያንን ወንድምሽን ምከሪልኝ።"

"ምን አደረገሽ?"

"በእሱ ፌስታል ዳቦ ገዝቼ አጥሩ ላይ ሰቅዬ ዞር ብል፣ አዴይ ዳቦውንም ፌስታሉንም በላችው።"

"እሷስ እንዴት ናት?"

"እሷማ ከነግልገሎቿ ደህና ናት። ራት ሳልበላ ያደርኩት እኔ ነኝ።"